ስፒኖሶረስ፦ በእሳት የጠፋው ግዙፍ ሥጋ በል

ዳይኖሰር ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቲራኖሶረስ ሬክስ ያመራል። ይሁን እንጂ እስካሁን ከታወቁት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች መካከል በርዝመት ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው በሰሜን አፍሪካ የኖረው ስፒኖሶረስ ነው። ርዝመቱ 14 ሜትር ያህል እንደነበር ይገመታል። በዚህ ጽሑፋችን የእንስሳውን ምንነትና የቅሪተ አካሉን ዕጣ ፈንታ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1912 በምዕራብ ግብፅ በረሃ፣ በባሕሪያ ኦአሲስ፣ ለጀርመናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ለኤርንስት ስትሮመር ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ማርክግራፍ እንግዳ አጥንቶችን ቆፍሮ አወጣ። ስትሮመርም በ1915 እንስሳውን “ስፒኖሶረስ ኤጂፕቲያከስ” ብሎ ሰየመው፤ የግብፅ ባለ እሾህ እንሽላሊት ማለት ነው። ስያሜው የመነጨው ከጀርባው ሽቅብ ከቆሙት የአከርካሪ ዘንጎች ሲሆን ረጅሙ 1.65 ሜትር ይደርሳል። ዘንጎቹ በቆዳ ተሸፍነው የጀልባ ሸራ የመሰለ ቅርጽ ሳይሰጡት አልቀሩም።

አጥንቶቹ በሙኒክ ቤተ መዘክር ተቀመጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ስትሮመር ቅርሱ ወደ አስተማማኝ ስፍራ እንዲዛወር ቢወተውትም ሰሚ አላገኘም። በሚያዝያ 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን በሌሊት ሲደበድቡ ቤተ መዘክሩ ጋየ፤ ቅሪተ አካሉም ዐመድ ሆነ።

የተረፉት የስትሮመር ጽሑፎች፣ ሥዕሎችና ጥቂት ፎቶግራፎች ነበሩ። ተመራማሪዎች በሞሮኮ ከተገኘ ሌላ አፅም ጋር ባነጻጸሯቸው ጊዜ ግን ምርምሩ እንደገና ሕይወት ዘራ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት አጫጭር የኋላ እግሮችና ውስጣቸው የደደረ አጥንቶች እንዳሉት አመለከተ። በ2020 ደግሞ መቅዘፊያ የሚመስል ሰፊ ጅራት እንደነበረው ታወቀ። እንደ አዞ ሾጣጣ የሆኑት ጥርሶቹም ዓሣ ለመያዝ የተመቹ ናቸው።

ታዲያ ስፒኖሶረስ ጠልቆ የሚዋኝ አዳኝ ነበርን? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከፊሎቹ የአጥንቱን ጥግግትና ጅራቱን ማስረጃ አድርገው “አዎን” ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሸራው በውኃ ውስጥ ሚዛን እንደሚያሳጣው በመግለጽ፣ እንደ ሽመላ ጥልቀት በሌለው ውኃ ቆሞ ዓሣ ያድን እንደነበር ይከራከራሉ።

ክርክሩን የሚፈታው ከበረሃው አሸዋ የሚወጣ ተጨማሪ አጥንት ነው። የጠፋ ቅሪተ አካል ተመልሶ አይገኝም፤ በጥንቃቄ የተለካና የተመዘገበ ዕውቀት ግን ከእሳት ተርፎ፣ ሰባ ዓመታት ቆይቶም ለሳይንስ ምስክርነቱን ይሰጣል።