ቅጣት ከጥፋት በላይ ሲከብድ፤ ስለ ይግባኝ አጭር ማብራሪያ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተናገሩት ቅጣትን በመጥላት ሳይሆን፣ ቅጣት በሕግ ልክ እንዲሆን በመሻት ነው። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሾና ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ያለ ደረሰኝ በመሸጥ ወይም በሌላ ጥፋት ቢፈረድበት፣ ጥፋቱን አምኖ እንኳ ቢሆን፣ ስለ ቅጣቱ መብዛት ይግባኝ ለማለት መብት አለው።

ጉዳዩ በወረዳ ፍርድ ቤት የታየ እንደ ሆነ፣ ይግባኙ የሚቀርበው ደብረ ብርሃን ለሚገኘው ለሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ የሚከተለው የፈረደውን ፍርድ ቤት እንጂ ታራሚው ያለበትን ስፍራ አይደለም። ስለዚህ በአዲስ አበባ በፌዴራል ፍርድ ቤት ተፈርዶበት በሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ያለ ሰው፣ አቤቱታው የሚታየው በፌዴራሉ የበላይ ፍርድ ቤት ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዋናነት የሚመረምረው ቅጣቱ በሕግ መንገድ የተለካ መሆኑን ነው። ይኸውም፦

1ኛ/ ቅጣቱ ሕጉ ለወንጀሉ ከወሰነው ወሰን አለመውጣቱን፤

2ኛ/ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የዘረዘራቸው ማቅለያዎች፣ እንደ ቀድሞ መልካም ጠባይ፣ መጸጸትና የተበደለውን መካስ ያሉት፣ መቆጠራቸውን፤

3ኛ/ ማክበጃው በማስረጃ መረጋገጡን፤

4ኛ/ መቀጮ ሲሆን የተቀጪው ሀብት፣ ገቢና የቤተሰብ ኀላፊነት መታየቱን ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ያወጣውና በ2006 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቅጣት በእርከን እንዲሰላ በማድረጉ፣ ስሕተቱ በየትኛው እርከን ላይ እንደ ደረሰ ለይቶ ማሳየት ተችሏል። እንግዲህ «ቅጣቱ በዛብኝ» ብሎ ማልቀስ ብቻውን አይበቃም፤ የታለፈውን ማቅለያ ነጥሎ መጥቀስ ያሻል። ማቅለያውም አስቀድሞ፣ ጥፋተኝነቱ ተረጋግጦ ፍርድ ቤቱ ስለ ቅጣቱ አስተያየት በሚጠይቅበት ጊዜ፣ ከነማስረጃው በመዝገብ ቢሰፍር ይበጃል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት እንዲሰጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻም የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ደንግጓል። የታሰረ ሰው ሁለቱንም በማረሚያ ቤቱ አለቃ በኩል ያቀርባል።

ነገር ግን ይኸው ሕግ ለይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን የማጽናት፣ የመቀነስ፣ ዓይነቱን የመለወጥ፣ የመጨመርም ሥልጣን የሰጠው መሆኑ አይዘንጋ። ይግባኝ በማለት ብቻም የተወሰነው ቅጣት ይቆማል ተብሎ አይታሰብ። ስለሆነም የተፈረደበት ነጋዴ የፍርዱን ግልባጭ ሳይውል ሳያድር ጠይቆ፣ ከሕግ ዐዋቂ ጋር ቢመክር ሱቁንም ቤተ ሰቡንም ይጠቅማል።