አንድ ንጥረ ነገር፣ ሁለት ጠባይ፦ ክሮሚየም በኤክስሬይ ፊት

አንድ የላቦራቶሪ ውጤት «በዚህ አፈር ውስጥ ክሮሚየም ተገኝቷል» ቢለን የተነገረን ግማሹ ብቻ ነው። ክሮሚየም ሦስት ኤሌክትሮኖች ሲያጣ የሚፈጠረው አዮን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ነው፤ በአፈር ውስጥ በአብዛኛው ዘቅጦ ይቀራል፣ መርዛማነቱም አነስተኛ ነው። ስድስት ሲያጣ ግን ከአራት ኦክስጅኖች ጋር ተጣምሮ ክሮሜት ይሆናል። ክሮሜት በውኃ ሟሙቶ ርቆ ይጓዛል፣ የሕዋስን ሽፋን አልፎ ይገባል፤ በትንፋሽ ሲሳብም የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል።

የሞጆን ቆዳ ፋብሪካዎች ለሚያውቅ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ለማልፊያ የሚውለው ባለሦስቱ ክሮሚየም ነው፤ ሆኖም በክሮሚየም የለፋ ቆዳ ቁርጥራጭ አየር ባለበት ሲቃጠል ከፊሉ ወደ ባለስድስቱ ሊለወጥ ይችላል። እንግዲህ በአመዱ ውስጥ ያለው የትኛው ነው?

ናሙናውን ሳናሟሟ መልሱን እንድናገኝ የሚረዳን የኤክስሬይ አብዞርፕሽን ስፔክትሮስኮፒ ነው። በሐኪም ቤት ራጅ የምንለውን ጨረር፣ ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርን፣ በናሙናው ላይ እንለቅና በየእርከኑ ምን ያህሉ እንደተመጠጠ እንመዘግባለን። ለንጹሕ ክሮሚየም 5989 ኤሌክትሮንቮልት ላይ ስንደርስ ከኒውክሊየሱ አጠገብ ያለው ኤሌክትሮን ከቦታው ይነቀላል፤ መጠኑም በድንገት ያሻቅባል። ይህን «ጠርዝ» እንለዋለን። የብረት ጠርዝ 7112 ላይ ስለሆነ አፈሩ በብረት ቢሞላም ሁለቱ አይምታቱም።

ጠርዙ እንደ አዮኑ ቻርጅ ይንቀሳቀሳል። ኤሌክትሮን ባጣ አቶም ውስጥ የቀሩት ኤሌክትሮኖች ይበልጥ አጥብቀው ስለሚያዙ፣ ለመንቀል የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍ ይላል፤ በውህዶቹም ጠርዙ ወደ 6000 ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ይወጣል። ክሮሜት ግን ከዚህ የበለጠ የሚያጋልጠው ምልክት አለው፦ ከጠርዙ አስቀድሞ፣ 5993 አካባቢ ቀጥ ብላ የምትቆም ሹል ጫፍ። አራቱ ኦክስጅኖች ክሮሚየሙን የሚከቡበት ቅርጽ በመሐል ነጥቡ ላይ ሲሜትሪ ስለሌለው፣ ለውስጠኛው ኤሌክትሮን በወትሮው የተከለከለው ዝላይ ይፈቀድለታል። ባለሦስቱን ክሮሚየም ስድስት ጎረቤቶች አመጣጥነው ስለሚከቡት ያች ጫፍ ለአመል ያህል ብቻ ትታያለች። እንግዲህ የጫፏን ቁመት ለክተን፣ ከጠቅላላው ክሮሚየም ምን ያህሉ ባለስድስቱ እንደሆነ እናሰላለን።

ከጠርዙ ባሻገር ደግሞ መስመሩ እየተርገበገበ ይቀጥላል። የተነቀለው ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ተጉዞ ከጎረቤት አቶሞች ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ነው። ሴየርስ፣ ስተርንና ላይትል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከዚህ መርገብገብ የአቶሞችን ርቀት በሒሳብ ማውጣት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1971 አሳዩ። በክሮሜት ውስጥ ኦክስጅን ከክሮሚየም 1.65 አንግስትሮም ያህል፣ በባለሦስቱ ደግሞ ወደ 2 የሚጠጋ አንግስትሮም ይርቃል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ደማቅና ጉልበቱ የሚመጠን ጨረር የሚገኘው ከሲንክሮትሮን ነው። በአፍሪካ ምድር እስካሁን አንድም የለም። ለእኛ ቅርብ ከሆኑት አንዱ በዮርዳኖስ የሚገኘው ሴሳሚ ነው፤ የኤሌክትሮን ቀለበቱ ዙሪያ 133 ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቆ በ2018 ተመራማሪዎችን መቀበል ሲጀምር ቀድሞ የተከፈተው ጣቢያ ይኸው ዘዴ የሚሠራበት ነበር።

ዘዴው እንከን የለውም አንልም። ጨረሩ ራሱ ምስክሩን ቃሉን ሊያስለውጠው ይችላል፦ በተለይ ካርቦናዊ ቁስ ባለበት ባለስድስቱ ክሮሚየም በጨረሩ ሥር ወደ ባለሦስት ይመለሳል። ስለዚህ ናሙናው ይቀዘቅዛል፣ ልኬቱ ይፈጥናል፣ ጨረሩም ቦታ ይቀይራል። ሌላው ገደብ የመጠን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ የቆዳ ውጤት ውስጥ በኪሎግራም ከ3 ሚሊግራም ያነሰ ባለስድስት ክሮሚየም ብቻ ይፈቅዳል፤ በአንጻሩ በዚያው ቆዳ ውስጥ ያለው ባለሦስት ክሮሚየም በኪሎግራም በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ነው። ያችን ኢምንት ጫፍ በዚህ ሁሉ መሐል ሲንክሮትሮን ለይቶ አያያትም። ለአመድና ለተበከለ አፈር ኤክስሬይን ብንመርጥም፣ የጫማ ቆዳ ግን ኬሚስቶች ለረጅም ዘመን ለተጠቀሙበት፣ ክሮሜት ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ለሚለወጠው ፈሳሽ የተተወ ነው።