ሙቀትና ዝናም በባላገር ሰው ሞት ላይ ስላላቸው ኀይል

የውርስ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክሩ ሟቹ መቼ እንደ ሞተ ቢጠየቅ ቀኑን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ ነገር ግን «በመስቀል ሰሞን፥ ንዳድ በገባበት ዓመት» ብሎ ይመልሳል። እኛ ጸሓፊዎች ይህን ቃል ለመዝገብ የማይበቃ አድርገን እናየው ነበር። ነገሩን ለሚመረምር ሰው ግን ባላገሩ በዚህ ባጭር ቃል ወሩንም የሞቱንም ምክንያት ተናግሯል።

ክረምት ሲወጣ ውሃው በየረባዳው ተኝቶ ይቀራል፤ ፀሓይም ትበረታለች። የወባ ትንኝ እንቍላሏን የምትጥለው በዚህ በተኛ ውሃ ነው። ባላገሩ ንዳድ ከበቆሎ እሸት ይመጣል ይላል፤ ቢስቁበትም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ የበቆሎው የአበባ ዱቄት በውሃው ላይ ሲረግፍ የትንኝ እጭ ይመገበዋልና። የበሽታው ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ መኖሩን በ1889 ዓ.ም. በሕንድ አገር ያገኘው ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ነው። ይህ ተሐዋሲ ከበሽተኛው ደም ወደ ትንኟ ከገባ በኋላ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ መብሰል ያስፈልገዋል፤ አብሳዩም የአየሩ ሙቀት ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲኾን በ10 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ 20 ዲግሪ ሲኾን ከ3 ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ከ16 ዲግሪ በታች ግን ዋነኛው ገዳይ ዐይነት ከቶ አይበስልም፤ ትንኟም ቀድማው ትሞታለች። ደገኛው ከንዳድ የሚድነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አየሩ የተባረከ ስለ ኾነ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ዓመት ከልማዱ ጥቂት የሞቀ እንደ ኾነ የበሽታው ወሰን ሽቅብ ይወጣል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙም ሙቀቱም ከልማድ በለጠ። ከሰኔ ዠምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው አገር ንዳድ ገብቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ ከዚህም 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በቈላ ንዳድ አዘውትሮ የሚወስደው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ነው፤ የወይና ደጋ ሰው ግን ሰውነቱ በሽታውን አልለመደምና ጐልማሳው አራሽ ጭምር ይወድቃል። ንዳድ የሚበረታበት ጥቅምትና ኅዳርም አዝመራ የሚሰበሰብበት ነውና፥ አጫጁ ሲተኛ እህሉ በማሳ ላይ ይረግፋል፤ ከበሽታው ያመለጠውንም ሕፃን ረኀብ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የቤት እመቤት ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጇ በትኵሳት የጋለ እንደ ኾነ ነገን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ትውሰደው፤ ሌሊትም በአጐበር ውስጥ ታስተኛው። ለአጨዳ ወደ ቈላ የሚወርድ ሎሌም ያለ አጐበር አይሰደድ። የደጋው ብርድና የጐጆው ጢስ በሕፃናት ላይ የሚያመጡት የሳንባ ምችም ከዚህ የማያንስ ገዳይ ነው፤ ነገሩ ሰፊ ስለ ኾነ ለሌላ ቀን አቈይተነዋል።

ከላይ የጻፍነው የሟቾች ቍጥር ግምት የኾነው ያን ጊዜ ሞትን በየመንደሩ የሚመዘግብ ስላልነበረ ነው። በቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ዠምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትንና ሞትን መጻፍ ተዠመረ፤ በመላው አገርም በ2008 ዓ.ም. በሕግ የታዘዘው ምዝገባ ሥራውን ዠመረ። ሞት በየትኛው ወር እንደሚበዛ ከዝናሙና ከሙቀቱ ጋራ ማስተያየት የሚቻለው እንዲህ ያለ መዝገብ ባለበት ስፍራ ብቻ ነው።