የጭነት መኪናው የማይቆምለት ሱቅ

የአሜሪካ የገጠር ከተሞች የምግብ ሱቅ ለምን እያጡ እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ሰው ወደ ከተማ ስለፈለሰ ነው ይላል። ሌላው ዋልማርት የተባለውን ግዙፍ የችርቻሮ መደብር ይከስሳል። ሁለቱም ውሸታቸውን አይደለም። ሰሜን ዳኮታን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ሁለቱም እምብዛም የማያነሱት ምክንያት ይታየዋል፤ እሱም ዕቃው ሱቁ በር ላይ ከመድረሱ በፊት፣ በጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን የሚወሰነው ነገር ነው።

የግዛቲቱ ስፋት የኢትዮጵያን አንድ ስድስተኛ ያህላል። ነዋሪዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 780 ሺህ እንኳ አልሞላም። በአገሪቱ ስማቸው የገነነ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች እዚህ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ፋርጎ፣ ቢስማርክ፣ ግራንድ ፎርክስና ማይኖትን በመሳሰሉ ከተሞች ተሰብስበዋል። ከዚያ ውጭ ባለው አገር ብዙ ጊዜ አንድ ከተማ ቢበዛ አንድ ሱቅ ነው ያላት። ባለቤቱ ራሱ ሒሳብ ይቀበላል፣ ሥጋ ይቆርጣል፣ ማታ ደግሞ መዝገብ ይይዛል። በትንንሾቹ ከተሞች የነበሩት እንዲህ ያሉ የምግብ ሱቆች በ2014 ሲቆጠሩ 137 ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከ100 በታች ወርደዋል።

የሸማቹ ኑሮ በዚሁ ተቃኝቷል። በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ፒክአፑ ላይ የበረዶ ሳጥን ተጭኖ ወደ ትልቁ ከተማ ይኬዳል። ሥጋው፣ የታሸገው፣ የልብስ ሳሙናው ሁሉ ከዚያ ይመጣና ምድር ቤት ያለውን ፍሪዘር ይሞላል። የሰፈሩ ሱቅ የሚታወሰው ወተት ሲያልቅ፣ ዳቦ ሲጠፋ፣ ወይም በረዶው መንገድ ሲዘጋ ነው። ይህን አይቶ «ሕዝቡ ራሱ መርጦ ነው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ጉዞው ነዳጅ ይበላል፤ ክረምቱም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊወርድ የሚችል ነው። በግዛቲቱ የምግብ ሸቀጥ የሽያጭ ታክስ ስለማይከፈልበት ልዩነቱን በታክስ ማሳበብም አይቻልም። ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሚሄደው የሰፈሩ ሱቅ ዋጋ ከፍ፣ ምርጫው ጠበብ ያለ ስለሆነ ነው። ጥያቄው ታዲያ ለምን ከፍ አለ፣ ለምንስ ጠበበ የሚለው ነው።

ሱቁ ዕቃውን የሚያገኘው ከጅምላ አከፋፋይ ነው። አከፋፋዩ መኪና የሚልከው በሳምንት ከተወሰነ መጠን በላይ ለሚያዝ ደንበኛ ነው። ይህ ዝቅተኛ ትዕዛዝ ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም በሳምንት 10 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። ሁለት መቶ ሰው በሚኖርባት ከተማ ያለ ሱቅ ይህን ሊሸጥ አይችልም። አንድ ካርቶን ሰላጣ ብንወስድ፣ በተለምዶ 24 ራስ ይይዛል። ባለሱቁ ሰላጣ በፍሬ ማዘዝ አይችልም፤ ካርቶኑን ይወስዳል ወይም ይተወዋል። በሳምንት የሚሸጥለት ዘጠኝ ቢሆን 15ቱ ይጠወልጋሉ፤ የተጣሉትን ዋጋ በዘጠኙ ላይ ቢጨምር ደንበኛው ይሸሻል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሰላጣ አያዝም። ደንበኛውም ሰላጣ ሲያጣ ማይኖት ይሄዳል፤ ማይኖት ከደረሰ ደግሞ ወተቱንም ከዚያው ይዞ ይመለሳል። ትዕዛዙ ይበልጥ ያንሳል፤ መኪናውም አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማል። በዚህ ደረጃ ላይ የደረሱ ባለሱቆች መኪናቸውን አስነስተው ከትልልቅ መደብሮች በችርቻሮ ዋጋ ገዝተው መደርደሪያቸውን ይሞላሉ። በችርቻሮ ገዝቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ ብዙ ዕድሜ የለውም።

«ሰው ስለሌለ ነው» የሚለው ክርክር የሚላላው እዚህ ላይ ነው። ዶላር ጄኔራል የተባለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መደብር በአገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ ሱቆች አሉት፤ የሚያነጣጥረውም በዋናነት ትንንሽ ከተሞችን ነው። ገዢ የለም በሚባልበት ቦታ እሱ ምን ፈልጎ ይመጣል? መልሱ የራሱ መጋዘንና የራሱ ስርጭት ያለው መሆኑ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚበዛው የታሸገ ምግብና የቤት ዕቃ ነው፤ ትኩስ አትክልትና ሥጋ በብዙዎቹ ቅርንጫፎች የለም፣ ካለም ጥቂት ነው። በትንሿ ከተማ ገዢ አለ ማለት ነው፤ የጠፋው ለነጻው ባለሱቅ በደህና ዋጋ የሚያደርስ ነው።

ስለ ዋጋ ከተነሳ አንድ አሮጌ ሕግ መጠቀስ አለበት። የ1936ቱ ሮቢንሰን–ፓትማን ሕግ አምራቾችና አቅራቢዎች ተመሳሳይ ዕቃ ለትልቁ ነጋዴ በርካሽ፣ ለትንሹ በውድ እንዳይሸጡ ለመገደብ የወጣ ነበር። በዚያ ዘመን የተፈራው ኤ ኤንድ ፒ የተባለው ግዙፍ መደብር ነው። ሕጉ አልተሻረም፤ ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ከሞላ ጎደል ሥራ ላይ ማዋሉን ተወው፤ ክርክሩም ርካሽ ግዢ ለሸማቹ ይጠቅማል የሚል ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2024 አንድ ትልቅ የመጠጥ አከፋፋይን፣ በጥር 2025 ደግሞ ፔፕሲን በዚሁ ሕግ ከሰሰ። የፔፕሲው ክስ አስተዳደሩ ከተቀየረ በኋላ በግንቦት ተነሳ። ርካሽ ግዢ የሚጠቅመው ሸማች ትልቁ መደብር አጠገብ የሚኖረው እንደሆነ፣ 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግን የዚያን ቅናሽ ማካካሻ በሰፈሩ ሱቅ ሊከፍል እንደሚችል በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙም አልተሰማም።

አከፋፋዮቹ ራሳቸውም ቁጥራቸው እያነሰ ነው። ናሽ ፊንች የተባለው ጅምላ ነጋዴ የተመሠረተው በ1885 እዚያው ሰሜን ዳኮታ፣ ዴቭልስ ሌክ ውስጥ ነበር። በ2013 ከሚሺጋኑ ስፓርታን ስቶርስ ጋር ተዋሕዶ ስፓርታንናሽ ሆነ። በ2025 ደግሞ ስፓርታንናሽን የኒው ሃምፕሸሩ ሲ ኤንድ ኤስ ገዛው። ኩባንያዎቹ መጠን ሲያድግ ወጪ ይቀንሳል ይላሉ፤ ሊቀንስም ይችላል። ቅናሹ ሁለት መቶ ሰው ባለባት ከተማ እስካለው ባለሱቅ ድረስ እንደሚወርድ ግን ምን ዋስትና አለ? አከፋፋዩ መንገዱ አያዋጣኝም ባለ ቀን ባለሱቁ የሚዞርበት ሌላ በር ጥቂት ነው። ክሮገርና አልበርትሰንስ የተባሉት ትልልቅ የሱፐርማርኬት ኩባንያዎች ለመዋሐድ ሲሞክሩ አገር ተንጫጫ፣ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2024 አገደው። የጅምላ ነጋዴዎቹ ውሕደት ያን ያህል ዓይን አልሳበም።

ይህን ሁሉ የበለጠ አስገራሚ የሚያደርገው የግዛቲቱ የራሷ ታሪክ ነው። ሰሜን ዳኮታ በንግድ ጣልቃ መግባት የማታውቅ አይደለችም። ከ1919 ጀምሮ የመንግሥት ባንክ፣ ከ1922 ጀምሮ ግራንድ ፎርክስ ላይ የመንግሥት ዱቄት ፋብሪካ አላት፤ ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። በ1963 የወጣው ሕጓ ደግሞ ፋርማሲ ለመክፈት 51 በመቶው ድርሻ በፋርማሲስቶች እጅ እንዲሆን ያስገድዳል። በ2014 ይህን ለመሻር ሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ መራጩ አልፈቀደም። ወግ አጥባቂ የሚባለው ይኸው መራጭ ለመድኃኒት ቤቱ የቆመውን ያህል ለምግብ ሱቁ የሚቆምበት ሕግ ማንም አላቀረበለትም።

አማራጩ ምን ሊመስል እንደሚችል በዎልሽ አውራጃ ይታያል። ፓርክ ሪቨር፣ ሁፕልና ኤዲንበርግ በተባሉ ትንንሽ ከተሞች ያሉ ሱቆች የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው ትዕዛዛቸውን አንድ ላይ ማድረግ ጀመሩ። ሐሳቡን ያገዘው የግዛቲቱ የገጠር ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርጅት ነው። የሦስቱ ትዕዛዝ ሲደመር የአከፋፋዩን ዝቅተኛ ትዕዛዝ ያልፋል፤ ዕቃው ትልቁ ሱቅ ጋ ይራገፍና ለሌሎቹ ይከፋፈላል። የሰላጣው ካርቶንም ለሦስት ይካፈላል። ማኅበሩ ሲነሳ የድጋፍ ገንዘብ አግኝቷል፤ ያለ ድጋፍ ለረጅም ጊዜ ይቆማል ወይ የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ሕመሙ ያለበትን ቦታ ለይቶ የነካ ሙከራ ነው።

በሌሎች ግዛቶች ያሉ ከተሞች ሱቁን ራሱን የሕዝብ ለማድረግ ሞክረዋል። በካንሳስ የሴንት ፖል ከተማ በ2013 የከተማውን ሱፐርማርኬት ገዛ። በፍሎሪዳ የባልድዊን ከተማ በ2019 የራሱን ሱቅ ከፍቶ በ2024 ዘጋው። ኒው ዮርክ ውስጥ ለከንቲባነት የተወዳደረው ዞራን ማምዳኒ የከተማ አስተዳደር ሱቅ እከፍታለሁ ሲል ብዙዎች እንግዳ ሐሳብ መሰላቸው እንጂ ገጠሩ ቀድሞታል። የማዘጋጃ ቤት ሱቅም ቢሆን ግን ዕቃውን ከዚያው ጅምላ ነጋዴ ነው የሚገዛው። ባለቤቱ ሲቀየር የካርቶኑ መጠን አይቀየርም።

ሱቅ ሲዘጋ የሚጎዳው መጀመሪያ መኪና መንዳት ያቆመው አዛውንት ነው። ቀጥሎ ከሱቁ ይገዙ የነበሩ ትምህርት ቤቶችና የአረጋውያን መኖሪያዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቤት ለመግዛት አስቦ የመጣ ወጣት ቤተሰብ ወተት የት ይሸጣል ብሎ ይጠይቅና ሌላ ከተማ ይመርጣል። ስለዚህ የሕዝብ መፍለስ የሱቅ መዘጋት መንስኤ ብቻ ሳይሆን ውጤትም ነው።

የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2023 ለገጠር ሱቆች የ1 ሚሊዮን ዶላር የሙከራ ድጎማ ፈቅዷል። ለአንድ ግዛት ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ አዲስ ፍሪጅና የጣሪያ ጥገና ላይ ከዋለ ደግሞ ከሁለት ክረምት በኋላ አይታይም። ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት በመሆኑ ቀጣዩ መደበኛ ጉባኤ በ2027 ነው። በዚያ ጉባኤ ድጎማው ሱቆች አብረው ለሚያዝዙበት ማኅበር፣ ለጋራ መጋዘንና ለጋራ መኪና ቅድሚያ ቢሰጥ ይሻላል። አንባቢም ስለ አንድ ከተማ ሱቅ መዘጋት ሲሰማ፣ ስንት ሰው ይኖርባት ነበር ከማለቱ በፊት ባለሱቁ ዕቃውን ከማን፣ በስንት ይገዛ እንደነበር ይጠይቅ።