በቤት የተቀረጸ ዲቪዲ ስለ ምን ይደናቀፋል?

የምረቃ በዓል በዲቪዲ ተቀርጾ ክፍለ ሀገር ላሉ ወላጆች ይላካል። በላኪው ኮምፒዩተር ያለ እንከን የታየው ዲስክ እናት ቤት ሲደርስ ይዘላል፤ ይቆማል። ተማሪው ሁሉ በማጫወቻው እርጅና ያመካኛል። እርጅናውስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጥድፊያ ነው።

በባዶው ዲስክ ውስጥ ስስ የቀለም ሽፋን አለ፤ መቅረጫው በሌዘር ጨረር ይህን እያቃጠለ ምልክት ያሳርፍበታል። በ16 እጥፍ ፍጥነት ሲሆን ለእያንዳንዱ ምልክት የሚተርፈው ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፥ በተለይ በርካሽ ዲስክ ላይ ምልክቱ ይደበዝዛል። አዲስ ማንበቢያ አርሞ ያልፈዋል፤ ሌዘሩ የደከመ አሮጌ ማጫወቻ ግን ይደናገራል። በ4 ወይም በ8 እጥፍ ቅረጹ። በ4 እጥፍ ሙሉ ዲስክ የሚፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለዚህም መሰሰት ምን ይባላል? ወደ 1 እጥፍ መውረድ ግን አያሻም፤ ለፈጣን ቀረጻ የተሠራ ዲስክ በዚያ ዝግታ የግድ አያምርም። ያዘዛችሁት ፍጥነት ራሱ ከተንቀራፈፈ በኮምፒዩተሩ የተከፈተውን ሌላ ሥራ ዝጉ።

ፋይሉን እንዲያው መገልበጥም አይበቃም፤ አሮጌ ማጫወቻ የሚያውቀው የዲቪዲ ቪዲዮን አሠራር ብቻ ነው፤ ቀረጻውም ሲያልቅ ዲስኩ መዘጋት አለበት። ንባቡ ከመሀል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ስለሚሄድ፥ ችግሩ የሚብሰው ወደ ፊልሙ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ዋናውን ከካሜራ ሳትደመስሱ፥ ዲስኩን በአንድ አሮጌ ማጫወቻ እስከ መጨረሻው እዩት።