ባለቤት የቀየረ የወፍ ውሻ

ውሻ ከቡችላነቱ ካላሳደጉት አይለምድም የሚል እምነት አለ። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል፤ እዚህ ሚኒሶታ ያገኘኋቸው ነባር አዳኞችም ይሉታል። «አራት ዓመት ሌላ ሰው ያበላው ውሻ አንተን ጌታዬ አይልህም» ብሎ የመከረኝ ሰው፣ ራሱ ቡችላ እየገዛ በየጊዜው የሚያማርር ነው። በዚህ እምነት የተነሳ ወፍ የሚያውቅ፣ ተኩስ የማያስደነግጠው፣ ገና ብዙ የአደን ወቅት የቀረው ውሻ በኬነል (በውሻ ማቆያ) ተቀምጦ ፈላጊ ያጣል። ሰው ግን የስምንት ሳምንት ዕድሜ ላለው ቡችላ ወረፋ ይይዛል።

የወፍ ውሻ ስል ፖይንተር፣ ሴተር፣ ብሪታኒ፣ ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተርና የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። ከአዳኙ ፊት ፊት እየሄዱ ሣሩን በአፍንጫቸው ይፈትሻሉ። የወፍ ጠረን ሲያገኛቸው ባሉበት ድርቅ ብለው ይቆማሉ። አዳኙ ደርሶ ወፉን ያስነሳና ይተኩሳል። ሥራው ይኸው ነው።

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታደነው ወፍ ፌዘንት ነው፤ ከቆቅ ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም ይተልቃል፣ ጭራው ይረዝማል። አሜሪካዊ መስሎ ይታያል እንጂ ስደተኛ ነው። በሻንጋይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ኦወን ዴኒ እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1882 ወደ ኦሪገን ከላካቸው ወፎች ነው በሰፊው መራባት የጀመረው። ሳውዝ ዳኮታ የመጀመሪያውን የፌዘንት አደን የፈቀደችው በ1919 ሲሆን፣ በ1943 ደግሞ የግዛቷ ወፍ አደረገችው። መብረር እየቻለ መሮጥ ይመርጣል፤ ውሻን የሚያሳብደው ይህ ጠባዩ ነው።

አዋቂ ውሻ ለገበያ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። ባለቤቱ አርጅቶ ወይም ታሞ እግሩ ሜዳ አልችል ይላል፤ ትዳር ይፈርሳል፤ ሰው ከተማ ገብቶ አፓርታማ ይከራያል። አሠልጣኞችም ጀማሪና የበሰለ እያሉ አስተምረው ይሸጣሉ። እኔ በጣም የምወደው ግን ከወፍ ውሾች ውድድር የተባረረውን ነው። በቴነሲ ግራንድ ጀንክሽን አጠገብ በሚገኘው ኤምስ ፕላንቴሽን ለረጅም ዘመን ሲካሄድ የኖረው ብሔራዊ ሻምፒዮና ውሻው ለሦስት ሰዓት ያለ እረፍት እንዲያስስ ይጠይቃል፤ አሠልጣኙም ዳኛውም በፈረስ ነው የሚከተሉት። እዚያ ከሰው የማይርቅ ውሻ «ድፍረት የለውም» ተብሎ ይጣላል። ፈረስ ለሌለኝ፣ በእግሬ ለምሄድ ለእኔ ግን የሚጣለው ውሻ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ «ለምን ሸጡት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «ቅርብ ቅርቡን ይሄዳል» ከሆነ ገንዘባችሁን አውጡ።

አሁን ወደ እምነቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሃንጋሪያዊቷ ተመራማሪ ማርታ ጋቺና ባልደረቦቿ በውሻ መጠለያ የሚኖሩ አዋቂ ውሾችን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። አንድ የማያውቁት ሰው ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለዐሥር ደቂቃ ያህል አብሯቸው ቆየ። ከዚያ ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ለመመርመር የተዘጋጀው ዓይነት ፈተና ቀረበላቸው፤ ሰውየው ከክፍሉ ይወጣል፣ ሌላ እንግዳ ይገባል፣ ሰውየው ይመለሳል። ውሾቹ ያንን የግማሽ ሰዓት ትውውቅ ያለውን ሰው ከእንግዳው ለይተው፣ ቤተሰብ እንደሆነ ሁሉ ተጠጉት። ግማሽ ሰዓት ከአቦል እስከ በረካ እንኳ አያደርስም! የሰው ናፍቆት ያለበት ውሻ ባለቤት ለመያዝ የሚቸኩለው እሱ ራሱ ነው።

በቤቴም ያየሁት ይህንኑ ነው። የአሁኗ ውሻዬ ጀርመን ሾርትሄርድ ናት፤ ስትመጣ ሙሉ ዕድሜዋን በኬነል የኖረች አዋቂ ነበረች። ደረጃ አይታ አታውቅም። ከታች ቆማ አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ታሳርፋለች፣ ትመልሳለች፣ ወደ እኔ ታያለች፣ ከዚያ እዚያው ትቀመጣለች። የመስታወቱ በር፣ የልብስ ማጠቢያው ድምፅ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ የሚናገረው ሰው፣ ሁሉም አዲስ ነበር። ይህች ፈሪ ግን ብዙም ሳትቆይ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ተኝታ የምትጠብቀኝ ሆነች። ዘመዶቼ «ስሟን ቡቺ በላት፣ የፈረንጁን ስም ምን ያደርግልሃል» ቢሉኝም አልቀየርኩትም። ስሟን ስትሰማ ዞር ማለት የቀድሞው ሰው ለፍቶ ያስተማራት ነው፤ የተከፈለበትን ዕቃ ማን ይጥላል? እንዲያውም ውሻ ስትረከቡ የትእዛዙን ቃላት በሙሉ፣ የፊሽካውን አነፋፍ፣ የእጁን ምልክት ባለቤቱ ራሱ እያሳየ በስልካችሁ ቅረጹ። ሁለት ፊሽካ ለአንዱ ውሻ «ዙር»፣ ለሌላው «ና» ነው።

እንግዲህ መልመዱ ቀላል ከሆነ ሰው ለምን ይከስራል? መልመድንና አብሮ መሥራትን አንድ ስለሚያደርግ ነው። ውሻው ሲልሰው፣ ጭራውን ሲቆላለት፣ እግሩ ሥር ሲተኛ «በቃ ወደደኝ» ይልና በማግስቱ ሜዳ ወስዶ ይለቀዋል። ውሻው ጉብታውን አልፎ ይሰወራል። የወደዳችሁ ውሻ ነው የጠፋው፤ ቤት ውስጥ የወደዳችሁ። ሜዳ ላይ የሚያውቀው ወፍና የቀድሞውን ሰውዬ ነው፤ እናንተ እዚያ ገና ማንም አይደላችሁም።

የማምነው ምልክት አንድ ነው፦ ዞሮ ማየት። ወፍ የሌለበት ባዶ ሜዳ ፈልጉ። ውሻውን ዐሥር ሜትር ገደማ በሚሆን ረጅም ገመድ ያዙትና ተራመዱ። አትጥሩት፣ ፊሽካ አትንፉ፣ አታፏጩ። እሱ ወደ ግራ ሲሄድ እናንተ ዝም ብላችሁ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ገመዱ ሲያልቅ ይይዘዋል፤ ይገረማል፤ ተከትሎ ይመጣል። ሲያልፋችሁ እንደገና አቅጣጫ ቀይሩ። መጀመሪያ ላይ የምታዩት ጀርባውን ብቻ ነው፤ አፍንጫው መሬት፣ ጭራው አየር ላይ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል። ጭንቅላቱ አልዞረም፣ ሩጫውም አልቀነሰም፣ ጆሮው ብቻ ነው እርምጃችሁን የሚቆጥረው። ከዚያ በሌላ ቀን፣ ሩጫው መሀል፣ አንገቱን ጠምዝዞ ለቅጽበት ያያችኋል። የት እንዳላችሁ አረጋግጦ ሥራውን ይቀጥላል። ያቺ ቅጽበት ከመላሱ ሁሉ ትበልጣለች። ከዚያች በኋላ ነው ገመዱ መሬት ላይ እየተጎተተ መሄድ የሚችለው፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ደግሞ ገመዱ ይወልቃል።

ዝም በሉ ያልኩት በምክንያት ነው። ሜዳ ላይ ያለማቋረጥ «ና! ና! እዚህ!» የሚል አዳኝ ሲያጋጥመኝ ለውሻው አዝናለሁ። ያ ሰው ውሻውን እየጠራ ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን የት እንዳለ በየደቂቃው ማሳወቅ ነው። ጌታው የት እንዳለ በጆሮው የሚያውቅ ውሻ ዞሮ የሚያይበት ምክንያት የለውም፤ ድምፁ እስከተሰማ ድረስ እንደፈለገው ይርቃል። ዝምተኛ ሰው ግን ሊጠፋ ይችላል፤ ሊጠፋ የሚችል ሰው ደግሞ ይጠበቃል። ፌዘንትም ጆሮ አለው፤ ጩኸቱን ሰምቶ ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ሮጦ ያመልጣል።

በተረፈ ጥሪው ሁልጊዜ የጨዋታ ማብቂያ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ስትጠሩት መጥቶ አንገቱን ዳብሳችሁ እንደገና ብትለቁት፣ መምጣት አያስከስርም ብሎ ይመዘግባል። ሲመጣ ሁሉ ታስሮ መኪና ውስጥ የሚገባ ውሻ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ሜትር ላይ ቆሞ ይደራደራል። የኤሌክትሪክ አንገትጌ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ እኔም አለኝ። የተማረውን ትእዛዝ ከሩቅ ለማስታወስ ነው እንጂ ያልተማረውን ለማስተማር አይደለም። ከአዲስ ውሻ ጋር በመጀመሪያው ሳምንት የአንገትጌውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ምን እያስተማረ እንደሆነ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያለው አይመስለኝም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እንግዳ። ሐበሻ ቤት እንግዳ ሲመጣ ዶሮ ወጥ ይኖራል፣ ዶሮ ወጥ ካለ አጥንት ይኖራል፣ አጥንት ካለ ደግሞ «ለውሻው ልስጠው» የሚል ደግ ሰው አይጠፋም። አይሆንም! የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰነጠቅ ስለት ነው፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከአጥንቱ የሚብሰው ግን ቁሌቱ ነው። ሽንኩርት፣ ነጭም ሆነ ቀይ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ መብሰሉ አያድነውም። የሚኒሶታ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዘቢብም ኩላሊት ይጎዳል። ውሻው አዲስ ስለሆነ ሁሉም ሰው በምግብ ሊያለምደው ይፈልጋል፤ እናንተ እንግዳውን «አንተን የሚለምድበት ምክንያት የለም፣ እኔን ይልመድ» በሉት። አክስቴ ተቀይማኛለች፣ ግን ውሻዬ ጤነኛ ናት።

ስለ ጤናዋ ካነሳሁ፣ የልብ ትሉን አደራ። በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፍ፣ ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ የሚያድግ ትል ነው፤ ከደቡብ ግዛቶች የሚመጡ ውሾች ላይ በብዛት ይገኛል። የተለመደው የደም ምርመራ ትሉን የሚያየው ውሻው ከተያዘ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትረከቡት ንጹሕ የተባለ ውሻ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይመርመር። መዥገር፣ ክትባት፣ ጥፍር፣ እነዚህን ሐኪሙ ይነግራችኋል።

ተኩስ አለመፍራቱን በተመለከተ የሻጩን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ውሻው ወፍ ላይ አፍንጫውን ተክሎ ባለበት፣ ረዳት ከሩቅ በትንሽ ባዶ ጥይት ይጀምር፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ትቀርባላችሁ። ተኩስ ማለማመጃ ቦታ ወስዶ ማሰር ግን ወፍ የሌለበት ፍንዳታ ማስተማር ነው። ጁላይ 4 ርችት ሲተኮስም ውሻው ቤት ይሁን፣ መስኮቱ ይዘጋ።

ብርታቱንም በበጋ ገንቡለት፣ በጠዋትና በማታ ሩጫ። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ሰንፎ የከረመ ሰውነት በሞቃት ቀን አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የሳውዝ ዳኮታ ፌዘንት አደን የተከፈተበት ቅዳሜና እሁድ ያልተለመደ ሙቀት ነበረና ብዙ የአደን ውሾች በሙቀት ሞተዋል። ብዙዎቹ ወፍ እያሳደዱ እስኪወድቁ ድረስ የሮጡ ናቸው፤ እነሱ ማቆም አያውቁም፣ ማስቆም የእኛ ነው። ውኃውን እናንተ ተሸከሙ፤ ከሜዳ ስትመለሱም ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ በጣቶቹ መሀል ያለውን ሥጋ በጣታችሁ ፈትሹ። የሣር እሾህ አንዴ ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም።

እንግዲህ አዋቂ ውሻ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ፍለጋውን በመስከረም አትጀምሩ። በሚኒሶታ የፌዘንት አደን በጥቅምት መጀመሪያ ገደማ ይከፈትና ጃንዋሪ 1 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት የክረምት ወራት ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ያንሳል፣ ባዶ ሜዳና ረጅም ገመድ ይዛችሁ የምትሄዱበት ጊዜም በእጃችሁ ይሆናል። ውሻውን በተረከባችሁበት ቀን ደግሞ ቆዳው ሥር ያለው የመለያ ቺፕ የተመዘገበበትን ስምና ስልክ ቁጥር ወደ ራሳችሁ አስቀይሩ፤ ካላስቀየራችሁት፣ ቢጠፋ ስልክ የሚደወለው ለቀድሞው ባለቤት ነው።