የአሜሪካ ሕፃናት ከፋብሪካ ወደ ትምህርት ቤት የተሸጋገሩበት መንገድ

በአሜሪካ ሕፃናትን ከፋብሪካ አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ያስገባው የግዴታ ትምህርት ሕግ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ማሳቹሴትስ ይህን ሕግ በ1852 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስታወጣ ሚሲሲፒ እስከ 1918 ቆይታለች። በመካከሉ ኢንዱስትሪው ተስፋፋ። በ1900 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆነ 1,750,000 ያህል ሕፃናት በሥራ ላይ ተገኙ፤ ይኸውም አብዛኞቹ በእርሻ፣ የቀሩትም በጥጥ መፍተያ፣ በድንጋይ ከሰል ማዕድንና በመሳሰሉት ነበር። የወላጅ ደመወዝ ቤተሰቡን ካልመገበ ልጁ በቀን የሚያገኛት ሳንቲም ከፊደል ትቀድማለች።

የለውጥ አራማጆቹም ይህን ተረድተው ትግላቸውን ወደ ሥራ ሕጉ አዞሩ። ከመካከላቸው ሉዊስ ሃይን አስቀድሞ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ ይህም ለሙያው ባልደረቦች ልብ የሚባል ነው። ከ1908 ጀምሮ ካሜራውን ይዞ በየፋብሪካው እየዞረ የሕፃናቱን ዕድሜና የሥራ ሁኔታ መዘገበ። በ1916 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። የጸናው በ1938 የወጣው ነው። በዚያ የኤኮኖሚ ቀውስ ዘመን ዐዋቂዎች ራሳቸው ሥራ አጥተው ስለ ነበር የሕፃናትን ቅጥር የሚደግፈው ቁጥሩ አንሶ ነበር። ሆኖም ሕጉ በእርሻ የሚሠሩትን በአብዛኛው ሳይነካ አለፈ።

ጦርነቱ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርትን በር ከፈተ። በ1944 በወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ አማካይነት 2,200,000 ያህል ሰዎች ኮሌጅ ገቡ። ይሁን እንጂ አፈጻጸሙ በብዙው ለየአካባቢው ባለሥልጣናት በመተዉ በደቡብ የሚኖሩ ጥቁር ወታደሮች ከዕድሉ በእጅጉ ተገለሉ፤ ለመማር የቻሉትም ቢሆኑ በጠባቦቹ የጥቁሮች ኮሌጆች ተጨናነቁ።